ፋይሉ የት ገባ? ዓይነ ስውር ለሆንን ሰዎች ከድረ ገጽ ፋይል የማውረድ መመሪያ

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ማታ ማታ የጣና ንፋስ ሲነሳ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ዓይነ ስውር ነኝ። ኮምፒውተር የምሠራው በጆሮዬና በጣቶቼ ነው፤ ማውስ አልነካም።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ የትምህርት ጽሑፍ ፈልጌ ገጹን አገኘሁት። ሊንኩ ላይ ኢንተር ተጫንኩ። ዝም። ትንሽ ጠብቄ ደገምኩ። አሁንም ዝም። ሌላ ገጽ ሄጄ ተመለስኩና እንደገና ተጫንኩ። በማግስቱ እህቴ ኮምፒውተሩን ስታየው «ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?» አለችኝ። አንድ ፋይል ሰባት ጊዜ ወርዷል። ስሙ ያው ነው፤ መጨረሻው ላይ ብቻ በቅንፍ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ 6 ይሄዳል። የገዛሁት የዳታ ፓኬጅ በዚያው አልቋል። ፋይሉ ግን ገና በመጀመሪያው ኢንተር ወርዶልኝ ነበር።

የሚያይ ሰው ሲጫን በስክሪኑ ጥግ ምልክት ብቅ ይልለታል፣ አለቀ። እኛን የሚያስቸግረን መጫኑ አይደለም። ምን እንደምንጫን አስቀድሞ ማወቁ፣ ከተጫንን በኋላም ፋይሉ የት እንደገባ ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይኼን ውሰዱ፦ ብሮውዘራችሁ ዝም ብሎ እንዳያወርድ፣ ፋይል ባወረዳችሁ ቁጥር «የት ላስቀምጠው?» ብሎ እንዲጠይቃችሁ አድርጉት። አሠራሩን ከታች እነግራችኋለሁ።

መሣሪያው

እኔ የምጠቀመው ኤንቪዲኤ የሚባለውን የስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብብ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ነፃ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ነው፤ እሱም ዓይነ ስውር ነው። ጃውስ የሚባለው ሌላው አንባቢም ጎበዝ ነው፣ ግን ፈቃዱ በገንዘብ ነው የሚገዛው። ካልተገዛ 40 ደቂቃ ሠርቶ ይቆማል፤ እንደገና ለማስነሳት ኮምፒውተሩን ማጥፋትና ማብራት ያስፈልጋል።

ኤንቪዲኤ ገና የሌላችሁ ከሆነ የመጀመሪያ ፋይላችሁ እሱ ራሱ ይሁን። ዊንዶውስ ውስጥ ናሬተር የሚባል አንባቢ ተሠርቶ የገባ አለ። ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተርን አንድ ላይ ስትጫኑ ይናገራል። በእሱ እየታገዛችሁ ኤንቪዲኤን ወደሚያዘጋጀው ወደ ኤንቪ አክሰስ ድረ ገጽ ግቡና አውርዱ። ገጹ ላይ ልገሳ የሚጠይቅ ፎርም ታገኛላችሁ። መስጠት ግዴታ አይደለም፤ አቅም ሲኖር ግን መስጠት ደስ ይላል።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ የምትማሩ፣ ወይም ኢንተርኔት ካፌ የምትጠቀሙ ልጆች አንድ ነገር ልምከራችሁ። ኤንቪዲኤ ፍላሽ ላይ የሚቀመጥ «ፖርተብል ኮፒ» አለው። ፍላሹን ሰክታችሁ ከዚያው ታስነሡታላችሁ፤ የሰው ኮምፒውተር ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም። የእኔ ፍላሽ ከቁልፌ ጋር ታስሮ ነው የሚውለው።

ከዚህ በኋላ «ኢንሰርት» ስል የኤንቪዲኤን ቁልፍ ማለቴ ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ኢንሰርት የማይመች ከሆነ፣ በኤንቪዲኤ ሴቲንግ ውስጥ ካፕስ ሎክ እንዲሠራላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

ድምፁ አማርኛ ያውቃል?

ይኼን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከዚያ ገጹ ባዶ ይመስለዋል። አንባቢያችሁ በእንግሊዝኛ ድምፅ ብቻ እየሠራ የአማርኛ ገጽ ስትከፍቱ፣ ድምፁ የግዕዝ ፊደልን ላያውቀው ይችላል። ያኔ «አዋጁን ያውርዱ» የሚል ሊንክ ላይ ስትደርሱ የምትሰሙት «ሊንክ» የሚለውን ብቻ ነው። ሊንኩ አለ፣ ስሙ ግን አይሰማም። እኔ ለስንት ጊዜ «ገጹ አይሠራም» ብዬ ተውኩ፤ ገጹ ግን ደህና ነበር።

ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ አለው። ድምፁ ሻካራ ነው፣ የሰው አይመስልም፤ ቢሆንም ያነብባል፣ ጆሮም ይለምደዋል። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስን ስትጫኑ የድምፅ ማመንጫ መምረጫው ይከፈታል፤ ኢስፒክን ምረጡ። ከዚያ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ ተጫኑ፤ ድምፁን ወደ አማርኛ የምትቀይሩት እዚያ ነው። እንግሊዝኛውን ስትፈልጉ በዚያው መንገድ ትመለሳላችሁ።

ሌላም አለ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ አንዳንድ ትእዛዞች እንቢ ሊሉ ይችላሉ። ዊንዶውስና ስፔስን ተጭናችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

ብሮውዘሩ እንዲጠይቃችሁ ማድረግ

በክሮም እንዲህ ነው፦

1. አልትና ኤፍን ተጫኑ። ሜኑው ይከፈታል። በታች ቀስት ውረዱና «ሴቲንግስ» ስትሰሙ ኢንተር።
2. መፈለጊያ ሳጥኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ «ዳውንሎድስ» ብላችሁ ጻፉ።
3. በታብ እየሄዱ «አስክ ዌር ቱ ሴቭ» ብሎ የሚጀምረውን ማብሪያ ፈልጉ። «ኖት ፕረስድ» ካለ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ስፔስ ተጫኑ። «ፕረስድ» ሲል በርቷል።

ኤጅና ፋየርፎክስም ይኼው ምርጫ አላቸው፤ ሴቲንግስ ውስጥ ዳውንሎድስ ከሚለው ሥር ነው። አንዴ ከበራ በቃ። ከዚያ ወዲያ ኢንተር ተጭናችሁ ዝም ካለ፣ ፋይሉ መውረድ እንዳልጀመረ ወዲያው ታውቃላችሁ። መውረድ ሊጀምር ሲል የግድ መስኮት ይከፈታል፣ መስኮት ሲከፈት ደግሞ አንባቢው ይናገራል። ያኔ የእኔ ብሮውዘር እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሰባት ጊዜ አላወርድም ነበር።

ገጹ ውስጥ ፋይሉን መፈለግ

አዲስ ገጽ ሲከፈት ከላይ ጀምራችሁ በታብ አትውረዱ። አርባ ሊንክ አልፋችሁ ትደክማላችሁ። መጀመሪያ ኢንሰርትና ቲን ተጫኑ፤ የገጹን ርዕስ ይነግራችኋል። ያሰባችሁት ቦታ መሆናችሁን በዚህ ታረጋግጣላችሁ። ከዚያ ኤችን እየተጫናችሁ ከርዕስ ወደ ርዕስ ዝለሉ። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ ያሉት «ዳውንሎድ»፣ «ሰነዶች» ወይም «ሪሶርስስ» በሚል ርዕስ ሥር ነው። እዚያ ስትደርሱ ኬ ከሊንክ ወደ ሊንክ፣ ቢ ደግሞ ከበተን ወደ በተን ይወስዳችኋል። ወደ ኋላ ለመመለስ ሺፍትን ጨምሩ።

የምትፈልጉትን ቃል ካወቃችሁ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤፍን ተጭናችሁ ቃሉን ጻፉ። «ፒዲኤፍ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል መፈለግ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ቀጣዩን ለማግኘት ኢንሰርትና ኤፍ 3 ነው።

እኔ አብዝቼ የምጠቀመው ግን ኢንሰርትና ኤፍ 7ን ነው። የገጹን ሊንኮች በሙሉ በአንድ ዝርዝር ያወጣላችኋል። በቀስት ትወርዳላችሁ። የምትፈልጉትን ስታገኙ ኢንተር ለመጫን አትቸኩሉ፤ አልትና ኤምን ተጫኑ። ሊንኩን ሳይከፍተው ወዳለበት ቦታ ብቻ ይወስዳችኋል። አጠገቡ የተጻፈውን ማንበብ የምትችሉት እዚያ ስትሆኑ ነው።

ዝርዝሩ የማይረዳበት ጊዜም አለ። አንድ ቀን የፈተና ማስታወቂያዎች ያሉበት ገጽ ገብቼ ዝርዝሩን ከፈትኩ። «እዚህ ይጫኑ»፣ «እዚህ ይጫኑ»፣ «እዚህ ይጫኑ»። ሁሉም እንዲሁ። የሚያይ ሰው ከጎኑ የተጻፈውን አይቶ ይለያል፤ ዝርዝሩ ግን የሚያወጣው የሊንኩን ስም ብቻ ነው። እንዲህ ሲገጥማችሁ ከዝርዝሩ በኢስኬፕ ውጡ። ገጹ ላይ በኬ ወደ ሊንኩ ሂዱና ወደ ላይ ቀስት አንዴ ወይም ሁለቴ ተጫኑ። ምን እንደሆነ የሚገልጸው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከላዩ ነው። ድረ ገጽ የምትሠሩ ወገኖች ይኼን ካነበባችሁ፣ ሊንኩን በፋይሉ ስም ጥሩት። «የ11ኛ ክፍል ታሪክ መጽሐፍ፣ ፒዲኤፍ፣ 12 ሜጋ ባይት» ማለት ለእናንተ አንድ መስመር ነው። ለእኛ ግን ሙሉ ማታ ይቆጥብልናል።

ስም የሌለው በተንም አለ። «በተን» ብሎ ዝም። ሠሪው ሥዕል ብቻ አስቀምጦ ስም አልሰጠውም። ዙሪያውን በቀስት አዳምጡ፤ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ ያለው ብቸኛ በተን ከሆነ ማውረጃው ሊሆን ይችላል። ኢንተር ካልሠራ ስፔስን ሞክሩ።

ከመጫናችሁ በፊት

ሊንኩ ላይ ቆማችሁ ኢንሰርትና ኬን ተጫኑ። አዳዲሶቹ ኤንቪዲኤዎች ሊንኩ የሚወስድበትን አድራሻ ያነቡላችኋል። ቁልፉን ሁለቴ ስትጫኑት አድራሻው በሌላ መስኮት ይከፈታል፤ እያንዳንዱን ፊደል በቀስት ልታዳምጡት ትችላላችሁ። መጨረሻውን ስሙ። ፒዲኤፍ፣ ዶክኤክስ (የወርድ ፋይል)፣ ኤምፒ3፣ ኢፐብ ወይም ዚፕ ካለ ቀጥታ ፋይል ነው። እንዲህ ካልጨረሰ ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳችኋል፤ ፋይሉን እዚያ እንደገና መፈለግ ይኖርባችኋል።

በተለይ የማስታወቂያ መዓት ያለበት ገጽ ላይ ይኼን ሳታደርጉ አትጫኑ። እዚያ ትልልቅ የውሸት «ዳውንሎድ» በተኖች አሉ። የሚያይ ሰው በመልኩ ይጠረጥረዋል፤ ለእኛ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው የሚነበብልን። መጽሐፍ ልታወርዱ ገብታችሁ መጨረሻው ኢኤክስኢ ከሆነ ተዉት፣ መጽሐፍ አይደለም። ፕሮግራም ነው።

መጠኑ ገጹ ላይ ተጽፎ ከሆነ እሱንም እዩት። በሰከንድ 1 ሜጋ ባይት በሚወርድ መስመር 600 ሜጋ ባይት ፋይል 10 ደቂቃ ይፈጅባችኋል። ፓኬጃችሁ 500 ሜጋ ባይት ከሆነ ደግሞ መጀመሩም አይረባ።

ማውረዱ

አሁን ሊንኩ ላይ ናችሁ። ኢንተር ብትጫኑ ፒዲኤፍ ከሆነ ብሮውዘሩ ራሱ ከፍቶት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የአፕሊኬሽን ቁልፉን ተጫኑ፤ ከሌላችሁ ሺፍትና ኤፍ 10። ሜኑ ይከፈታል። «ሴቭ ሊንክ አዝ» እስክትሰሙ በታች ቀስት ውረዱና ኢንተር። ክሮም ላይ ሜኑው እንደተከፈተ ኬን ብትጫኑም ይሠራል። ፒዲኤፉ አስቀድሞ ተከፍቶባችሁ ከሆነም አትጨነቁ፤ ኮንትሮልና ኤስ ያስቀምጠዋል።

የማስቀመጫው መስኮት ሲከፈት «ፋይል ኔም» ይልና ስሙን ያነብባል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ፋይል ስሙ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ስሙ ተመርጦ ስለሆነ የሚቆየው ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁሉም ይጠፋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ሆምን እጫናለሁ፣ ጠቋሚው መጀመሪያ ላይ ይሄዳል። አንድ አጭር ቃል እጽፍና ሰረዝ አደርጋለሁ። የቀረውን አልነካውም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ያለው የፋይል ዓይነት አይበላሽም፤ እኔም በመጀመሪያው ፊደል አገኘዋለሁ። የሕግ ሰነዶቼ ሁሉ በአንድ ቃል ነው የሚጀምሩት።

የት እንደሚገባ ለመስማት አልትና ዲን ተጫኑ፤ ፎልደሩን ይነግራችኋል። በአልትና ኤን ወደ ስሙ ትመለሳላችሁ። ሁሉም ደህና ከሆነ ኢንተር። አንዴ ብቻ።

ወረደ ወይ?

ኮንትሮልና ጄን ተጫኑ። በክሮምም፣ በኤጅም፣ በፋየርፎክስም የወረዱትን ያሳያችኋል። የቅርቡ ከላይ ነው። ገና እየወረደ ከሆነ ስንት እንደቀረው ይናገራል። ኤንቪዲኤ ቲን፣ ቲን የሚል ድምፅ እያሰማ ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ከሰማችሁ ወደ መጨረሻው እየቀረበ ነው።

መብራት እልም ይልና ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ፋይሉ ግን ይቆማል። ከስልክ ዳታ ስታገናኙት ወይም መብራት ሲመጣ እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ሪዙም» የሚል በተን ፈልጉ። ከተገኘ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁሉም ድረ ገጽ አይፈቅድም፤ ካልፈቀደ ከመጀመሪያው ነው።

ፎልደሩን ስትከፍቱ ስሙ «ሲአርዳውንሎድ» ብሎ የሚጨርስ ፋይል ካገኛችሁ ክሮም ገና ያልጨረሰው ነው። ለመክፈት አትድከሙ። ፋየርፎክስ ላይ «ፓርት» ይላል። ፎልደሩ ውስጥ ፋይሉ ላይ ቆማችሁ አልትና ኢንተርን ከተጫናችሁ መጠኑን ይነግራችኋል፤ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። ዚፕ ከሆነ ከአፕሊኬሽን ቁልፉ ሜኑ «ኤክስትራክት ኦል» በሉት።

ከፍታችሁት ዝም ካለ

ይኼ አማርኛ ለምናነብ ዓይነ ስውራን ትልቁ እንቅፋት ነው። ፋይሉ ወርዷል፣ ተከፍቷል፣ አንባቢው ግን ዝም። ወይም የማይገባ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት እየቀላቀለ ያነብባል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ እንደገና አታውርዱት።

ዝም ካለ ፋይሉ የወረቀት ፎቶ ሊሆን ይችላል። ስካን ተደርጎ የተነሳ አዋጅ ወይም መጽሐፍ ለኮምፒውተሩ ሥዕል ነው። ምልክት የሚቀላቅል ከሆነ ግን ሰነዱ በድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፏል። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት የሚለዩበት ደረጃ፣ ግዕዝን ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች፣ ለምሳሌ ቪዥዋል ግዕዝ፣ በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቦታ ላይ የግዕዝ መልክ ይስሉ ነበር። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ከውስጥ ግን ሌላ ነው። አንባቢው የሚያየው ውስጡን ነው። ከዚያ በኋላም በዚህ የተጻፈ ብዙ ሰነድ አለ።

ነጋሪት ጋዜጣ ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ነው የሚታተመው። ጽሑፉ ደህና ቢሆንም አንባቢው ሁለቱን መስመር አቀላቅሎ ሊያነብባችሁ ይችላል። በድምፅ ቅየራው ግራ ከተጋባችሁ ምክንያቱ ይኼ ሊሆን ይችላል።

ለሥዕሉ ኢንሰርትና አር የሥዕል ጽሑፍ ያነብባል። ለእንግሊዝኛ በጣም ጥሩ ነው፤ ለአማርኛ ግን አይሆንም። እኔ ፒዲኤፉን ጉግል ድራይቭ ላይ እጭንና በጉግል ዶክስ እከፍተዋለሁ፤ ሥዕሉን ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል። ሀ እና ሐን፣ ሰ እና ሠን ሊያምታታ ይችላል፣ ቁጥርም ይሳሳታል። ስለዚህ ቀንና ገንዘብ ያለበትን ቦታ የሚያይ ሰው ያረጋግጥላችሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው ግን ዋናውን ፋይል መጠየቅ ነው። ሰነዱን የጻፈው ሰው ጋ የወርድ ፋይሉ አለ። እኔ ሁልጊዜ የምልከው መልእክት አጭር ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዓይነ ስውር ነኝ፣ በስክሪን አንባቢ ነው የማነበው። የለጠፋችሁት ፒዲኤፍ ስካን ስለሆነ አንባቢዬ አያነበውም። በዩኒኮድ የተጻፈውን የወርድ ፋይል ብትልኩልኝ አመሰግናለሁ።» የሰነዱን ስምና ያገኘሁበትን ገጽ አድራሻ ከሥሩ እጨምራለሁ። ሁሉም አይመልስም። አንዴ ግን አንዲት መምህርት በማግስቱ ጠዋት የወርድ ፋይሉን ላከችልኝ፤ ገጹ ላይ ያለውንም በዚያው ቀየረችው። ደግሜ ገብቼ ኢንሰርትና ኬን ስጫን አድራሻው በዶክኤክስ ያልቅ ነበር።